ጣውላን የሚሰብር እጅ

ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ብዙ ነገር ያያል፤ ካየውም ውስጥ አብዛኛውን ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ዝናም ሲዘንም፣ ድንጋይ ሲወድቅ፣ እንጨት ሲፈለጥ ማየት ልማዱ ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር ለምን ይሆናል ብሎ ልቡን አያደክምም። ያልለመደውን ነገር ባየ ጊዜ ግን ይደነቃል፤ ከተደነቀም በኋላ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። አንደኛው ምክንያቱን መመርመር ነው። ሁለተኛው «ይህስ ተአምር ነው» ወይም «ድግምት ሳይኖርበት አይቀርም» ብሎ መቀመጥ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ያደክማል፤ ነገር ግን ወደ ዕውቀት ያደርሳል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰውን ከቆመበት ፈቀቅ አያደርገውም።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌና በገርጂ፣ በመገናኛና በሲ.ኤም.ሲ. በኩል፣ ወጣቶች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ቀበቶ ታጥቀው፣ ቴኳንዶና ካራቴ የሚማሩባቸው ቤቶች አሉ። ወንዶች ልጆችም ሴቶች ልጆችም ይማራሉ። የትርኢት ቀን ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል። ሁለት ሰዎች ጣውላ ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ ተማሪው ትንፋሹን ሰብስቦ ይቆማል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመታል፤ ጣውላው ለሁለት ይከፈላል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ሕፃናቱም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያገኙትን ሳንቃ ሁሉ መምታት ይጀምራሉ። ከትልልቆቹም አንዳንዱ «ልጁ የተለየ ኃይል ተሰጥቶታል» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ነገር መመርመር ነው። ጥበቡ ከወዴት መጣ? ጣውላውን የሚሰብረውስ ምንድን ነው? የሚማረው ወጣት ከዚህ ምን ግብረ ገብ ሊያገኝ ይገባዋል? ታሪኩን ሳያውቅ ጥበቡን የያዘ ሰው አደራ መቀበሉን አያውቅም፤ ሕጉን ሳያውቅ የሚመታም እጁን ይጐዳል። ስለዚህ ከታሪኩ እንጀምራለን። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ካራቴ የሚባለው በባዶ እጅ የመከላከል ጥበብ ያደገው በኦኪናዋ ደሴት ነው። ከዚያም ጊቺን ፉናኮሺ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር በ1914 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሄዶ ጥበቡን ለጃፓን ሕዝብ አሳየ። በዚያን ጊዜ ኮሪያ ነጻ አገር አልነበረችም። ጃፓን በ1902 ዓ.ም. ኮሪያን ጠቅልላ ከያዘች በኋላ እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ ገዝታታለች። ለትምህርት ወደ ጃፓን የሄዱ የኮሪያ ወጣቶች ካራቴን ተማሩ፤ አገራቸው ነጻ በወጣች ጊዜም የተማሩትን ይዘው ተመለሱ። በአገራቸው ደግሞ ከጥንት የኖረ፣ በእግር መምታትን የሚያዘወትር ቴክዮን የሚባል ጨዋታ ነበራቸው። ከገዢያቸው አገር የቀሰሙትንና ከአባቶቻቸው የወረሱትን እያዋሐዱ የራሳቸውን ጥበብ ማበጀት ጀመሩ።

ይህ ጥበብ ገና ስም ሳይወጣለት ታላቅ መከራ መጣ። በሰኔ 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ተነሣ፤ አገሪቱም ፈጽማ ተቃጠለች። የኮሪያ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የተገናኘው እዚህ ላይ ነው። አገራችን በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረች ጊዜ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ የሚደርስላት አጥታ ነበርና፣ አንድ አገር ሲወረር ሌላው ቆሞ መመልከት የለበትም የሚለውን አሳብ በደም የተማረች አገር ነበረች። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት ርዳታ በጠየቀ ጊዜ ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ወታደሮች «ቃኘው» በሚል ስም ተሰልፈው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ከጅቡቲም በመርከብ ወደ ኮሪያ ተጓዙ።

ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት እስኪገታ ድረስ፣ እየተተኩ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች ከ3,000 በላይ ነበሩ። ከእነዚህም ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፤ ከ500 በላይ የሚሆኑት ቆሰሉ። ለጠላት እጁን ሰጥቶ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ከዚህም ሌላ፣ ወላጆቻቸው በጦርነቱ ላለቁባቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ከደመወዛቸው እያዋጡ ይረዱ ነበር። ጠመንጃ የያዘው እጅ ለሕፃን እንጀራ የሚቈርስ እጅ ሆኖ ተገኘ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በእነዚሁ በ1940ዎቹ ዓመታት በኮሪያ ፕሬዚዳንት በሲንግማን ሪ ፊት የወታደሮች ትርኢት ተደረገ። ናም ቴ ሂ የተባለ መኮንን ተደራርበው የተቀመጡ 13 የጣራ ሸክላዎችን በአንድ ቡጢ ሰበረ። ፕሬዚዳንቱ እጅግ ተደንቀው ጥበቡን ወታደሮች ሁሉ ይማሩት ማለታቸው ይነገራል። ከዚያም በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ያቀረቡት ስም ጸደቀ፤ ስሙም «ቴኳንዶ» ሆነ። ትርጕሙ «የእግርና የእጅ ምት መንገድ» ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ በገርጂ አዳራሽ ውስጥ ጣውላ የሚሰብር ልጅ ሳያውቀው የሚደግመው፣ አያቶቹ በዚያች አገር ተራራ ላይ በተዋጉበት ዘመን የተወለደ ጥበብ ነው።

ጥበቡ ከዚያ ወዲያ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በ1965 ዓ.ም. የዓለም ፌዴሬሽን በሴኡል ከተማ ተቋቋመ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በተደረገው ኦሊምፒክ ቴኳንዶ ሜዳልያ የሚሰጥበት ውድድር ሆነ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ቀረበ። በሩጫ ብቻ ትታወቅ የነበረች አገር በዚህም ሜዳ ልጇን አሰለፈች።

የሁለቱ ሕዝቦች መገናኘት በአዲስ አበባ ምሥራቅ ምልክቱን ትቷል። በየካ በኩል ከዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች የሠፈሩበት ቦታ «ኮሪያ ሰፈር» ይባላል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጣው መንግሥት የሶሻሊስቱን ወገን የተከተለ ስለ ነበረ፣ እነዚያ ዘማቾች ብዙ ዓመት ውለታቸው ሳይነሣ ኖሩ። ነገር ግን የተረዳው ሕዝብ አልረሳም። በገርጂ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ፣ የኮሪያ ክርስቲያኖች በ1997 ዓ.ም. ሆስፒታል አቆሙ፤ የከተማው ሰውም «ኮሪያ ሆስፒታል» ይለዋል። በአንዱ አገር ተራራ ላይ የፈሰሰ ደም በሌላው አገር የሕሙማን አልጋ ሆነ። የደግነት ሥራ ዘሩ ቢዘገይም መብቀሉ አይቀርም።

ታሪኩን በዚህ ካወቅን፣ ወደ ጣውላው እንመለስ። የሚሰብረው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ እንናገር። በእንጦጦ ግርጌና በየካ ተራራ ሥር ባሕር ዛፍ የሚፈልጥ ሰው ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። እንጨት በቁመቱ የሚሄዱ ክሮች አሉት። ፈላጩ ግንዱን አቁሞ በክሮቹ አቅጣጫ መጥረቢያውን ሲያሳርፍ እንጨቱ በአንድ ምት ይሰነጠቃል። ያንኑ ግንድ አጋድሞ በአግድሙ ቢመታው ግን መጥረቢያው ተሰክቶ ይቀራል። ይህ የሆነበት ምክንያት ክሮቹን መበጠስ ከባድ፣ አንዱን ክር ከሌላው መለየት ግን ቀላል ስለ ሆነ ነው። ለትርኢት የሚዘጋጀው ጣውላም የሚቈረጠው ይህን በማወቅ ነው። ክሮቹ ግራና ቀኝ በሚያዙት በሁለቱ ጠርዞች አቅጣጫ እንዲሄዱ ይደረጋል። ስለዚህ መሐሉ ሲመታ ጣውላው በክሮቹ መካከል ይለያያል እንጂ ክሮቹ አይበጠሱም። ያንኑ ጣውላ ዘወር አድርጎ በሌሎቹ ጠርዞች የያዘ ሰው ቢኖር፣ የመቺው እጅ ያብጣል እንጂ ጣውላው አይከፈልም።

ሁለተኛው ነገር የመጉበጥ ጉዳይ ነው። ደረቅ ጭራሮ በጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ስትሰብሩ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በጉልበት በኩል ያለው ወገን ይጨመቃል፤ በውጭ በኩል ያለው ወገን ይለጠጣል። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የተለጠጠው ነው። ጣውላም እንዲሁ ነው። ቡጢው ፊቱን ሲመታው ጣውላው ጥቂት ይጐብጣል፤ በጀርባው ያለው ገጽ ይለጠጣል፤ መለጠጡም ከሚችለው በላይ ሲሆን ስንጥቁ ከጀርባ ጀምሮ ወደ ፊት ይሮጣል። እንግዲህ ጣውላው የሚሰበረው ቡጢው ባረፈበት ገጽ ሳይሆን፣ ዓይን በማያየው በኋላው ገጽ ነው። የተለጠጠው ገጽ እስኪሰነጠቅ ድረስ የሚጐብጥ ጣውላ ይሰበራል፤ ከዚያ በፊት የቆመ ምት ግን ምንም አላደረገም።

ሦስተኛው ነገር ፍጥነት ነው። ብዙ ሰው ኃይለኛ ምት የሚወጣው ከወፍራም ክንድ ብቻ ይመስለዋል። በፊዚክስ ሕግ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሸከመው ጉልበት፣ ክብደቱ በእጥፍ ሲያድግ በእጥፍ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግን በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህን በሚታይ ምሳሌ እንግለጸው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ነገር በሴኮንድ 6 ሜትር ፍጥነት ቢሄድ፣ የሚሸከመው ጉልበት 18 ጁል ነው። ይህም አንድ ኪሎ ስኳር ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ላይ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። ያው አንድ ኪሎ በሴኮንድ 12 ሜትር ቢሄድ ግን ጉልበቱ 72 ጁል ይሆናል። ይህ ደግሞ ያ ስኳር ከ7 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ጣራ ላይ እንደ ወደቀ ያህል ነው። ስኳሩ ያው ስኳር ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ቀጭኗ ተማሪ ከእርሷ የሚከብደው ጓደኛዋ ያልሰበረውን ጣውላ የምትሰብርበት ምሥጢር ይህ ነው።

አራተኛው ነገር የጊዜ ማጠር ነው። ያ አንድ ኪሎ በሴኮንድ 6 ሜትር ሲሄድ ትራስ ላይ ቢያርፍና ለመቆም የአንድ ሴኮንድ ሃያኛ ቢወስድበት፣ የሚያሳርፈው ኃይል በአማካይ 120 ኒውተን፣ ማለት የ12 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ጠንካራ ነገር ላይ አርፎ በዚያ ጊዜ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም ግን ኃይሉ አሥር እጥፍ ሆኖ ከአንድ ኩንታል ክብደት ይበልጣል። እንግዲህ ምት ማለት ብዙ ጉልበትን በትንሽ ጊዜ ማውጣት ነው። በዚህም ላይ ኃይሉ በመዳፉ ሁሉ ሳይበተን በሁለቱ የፊት ጣቶች አንጓ ላይ እንዲሰበሰብ፣ የእጅ አንጓውም ሳይታጠፍ ከክንዱ ጋር ቀጥ እንዲል ይደረጋል። ክንዱም ብቻውን አይሠራም። እግር መሬትን ይገፋል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ትከሻ ይከተላል፤ ክንድ በመጨረሻ ይወረወራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በሰው አካል ውስጥም እውነት ነው።

ይህን ሁሉ በሚዛንና በፎቶግራፍ ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል አንዱ ሮናልድ ማክኔር ይባላል። ታሪኩ ለወጣቶች የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት እንናገር። ማክኔር በጥቅምት 1943 ዓ.ም. በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና በሌክ ሲቲ ከተማ ከጥቁር ወላጆች ተወለደ። ያን ጊዜ በዚያ አገር ጥቁርና ነጭ ተለያይተው የሚኖሩበት ሕግ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በ1951 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ስለ ሳይንስ የተጻፉ መጻሕፍት ለመዋስ ጠየቀ። ቤተ መጻሕፍቱ ለጥቁሮች አይደለም ተባለ። ልጁ ግን ሳይጮኽና ሳይሳደብ፣ መጻሕፍቱን ሳልይዝ አልሄድም ብሎ ቆመ። ፖሊስ ተጠራ፤ እናቱም ተጠራች። በመጨረሻም መጻሕፍቱን ይዞ ወጣ።

ያ ልጅ አድጎ በ1968 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በካራቴም ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ መምህር ነበረ። በ1971 ዓ.ም. ማይክል ፌልድና ስቲቨን ዊልክ ከሚባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ ካራቴ ፊዚክስ የታወቀ ጽሑፍ አሳተመ። የሠለጠነ ሰው እጅ በሴኮንድ ከ10 እስከ 14 ሜትር ፍጥነት ሊደርስ እንደሚችል፣ የሚያሳርፈውም ኃይል ከ3,000 ኒውተን፣ ማለት ከሦስት ኩንታል ክብደት እንደሚበልጥ አሳዩ። የሰው አጥንትም በአግባቡ ከተያዘ ጫናን በመቋቋም ከኮንክሪት 40 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ጻፉ። ከአራት ዓመት በኋላም ሁለት ሣንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ላለው የጥድ ጣውላ በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ፍጥነት እንደሚበቃ፣ ለኮንክሪት ንጣፍ ግን ከ10 ሜትር በላይ እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ገለጹ። የመጀመሪያውን ጀማሪም ይደርስበታል፤ ሁለተኛውን የሚደርስበት ብዙ ዘመን የሠለጠነ ብቻ ነው። ጀማሪ ሲሚንቶ ከመታ እጁን የሚሰብረው ስለዚህ ነው።

ማክኔር በ1976 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ ሊወጣ ሲል በጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው መንኰራኵር በአየር ላይ ፈንድታ ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር ሞተ። መጽሐፍ የተከለከለበት ያ ቤት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምረናል። ዕውቀት ጥበብን አያረክስም፤ የምቱን ምሥጢር በሒሳብ ማወቁ ካራቴውን አላሳነሰበትም፤ ይልቁንም አከበረለት። ደግሞም የዚህ ሰው ትልቁ ድል በእጁ የሰበረው ሰሌዳ አይደለም፤ እጁን ሳያነሣ የተቋቋመው በደል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። እነዚህ ሊቃውንት ካገኙት ሁሉ ለወጣት ልብ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስለ ፍርሃት ነው። ክንድ ሲዘረጋ ፍጥነቱ ከሁሉ የሚበልጠው ፈጽሞ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ከመንገዱ ሦስት አራተኛ ያህል በሄደ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ይቆማል። ስለዚህ መምህራን ተማሪውን «ጣውላውን አትምታ፤ ከጣውላው በስተጀርባ ያለውን ቦታ ምታ» ይሉታል። የሚፈራ ሰው ግን ጣውላው ገጽ ላይ ለመቆም ያስባል፤ ገና ሳይደርስ እጁን ይሰበስባል። ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ጣውላው ሳይሰነጠቅ ይቀራል። ጣውላው ካልተሰበረ ደግሞ ጉልበቱ መሄጃ ያጣና ወደ መቺው እጅ ይመለሳል። ስለዚህ በድፍረት የመታው እጁን ብዙም አያመውም፤ በግማሽ ልብ የመታው ግን ይታመማል። በትምህርትም በሥራም እንዲሁ ነው። ፈተናውን ለማለፍ ብቻ የሚያጠና ተማሪ አሳቡ እዚያው ፈተናው ገጽ ላይ ይቆማል፤ ከፈተናው በስተጀርባ ያለውን ዕውቀት የፈለገ ግን ፈተናውን በመንገዱ ላይ አልፎት ይሄዳል።

ሁለተኛው ስለ ቁጣ ነው። ክንድን የሚዘረጋ ጡንቻ አለ፤ ክንድን የሚያጥፍ ጡንቻም አለ። ክንዱ በፍጥነት እንዲሄድ የሚዘረጋው ሲሠራ የሚያጥፈው መላላት አለበት። የተቆጣ ሰው ግን ጥርሱን ነክሶ፣ አንገቱን ገትሮ፣ ጡንቻውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጥራል። ወደ ፊት የሚወረውረውና ወደ ኋላ የሚጎትተው እርስ በርሳቸው ይታገላሉ። እርሱ ኃይሉ የበረታ ይመስለዋል፤ በእውነት ግን የገዛ ክንዱን ራሱ ይዞ ቆሟል። ስለዚህ ጥሩ ተማሪ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድረስ ላልቶ ይቆያል፤ ቡጢውን የሚያጠብቀው ሊያርፍ ሲል ብቻ ነው። ቁጣን መተው መልካም መሆኑን አባቶች በምክር ሲነግሩን ኖረዋል፤ የሥጋችን አሠራርም ያንኑ ይመሰክራል። ቁጡ ሰው ደካማ ነው የሚለው ቃል ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የሚለካ እውነት ነው።

ይህም በአንድ ቀን አይገኝም። ተማሪው ያችኑ አንዲት ምት በቀስታ ሺህ ጊዜ ይደጋግማል፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ተመልካች የሚያየው የአንድ ቅጽበት ነገር ነው፤ ያ ቅጽበት ግን የብዙ ወራት ልፋት የተሰበሰበበት ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን?

ሕጉን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከመታለል ያድናል። ብዙ ጣውላ ተደራርቦ በአንድ ምት ሲሰበር ስታዩ፣ በጣውላዎቹ መካከል ትንንሽ ክፍተት እንዳለ ተመልከቱ። ክፍተት ካለ ጣውላዎቹ የሚሰበሩት አንድ ላይ ሳይሆን በየተራ ነው። አንዱ ተሰብሮ በሚቀጥለው ላይ ይወድቃል፤ ሥራውም ይቀላል። በጣም የደረቀ እንጨትም ከእርጥቡ ይልቅ በቶሎ ይሰነጠቃል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የሚገባውን ያደንቃል፤ የማይገባውን አያመልክም። ወጣትን በባዶ ወሬ የሚያስገብር፣ «እኔ ዘንድ ስውር ኃይል አለ» የሚል ሰው ቢመጣም፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ባለበት ብዙ አይቆይም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ጣውላ መልሶ አይማታም፤ ጣውላ እናት የለውም፤ ጣውላ ቢሰበር ሌላ ጣውላ ይገዛል። ሰው ግን ጣውላ አይደለም። የሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ መካከል ያለ ለስላሳ ነገር ነው። ራስ በድንገት ሲመታ አንጎል ከቅሉ ጋር ይጋጫል፤ የተመታው ሰው ሲወድቅም ጭንቅላቱ አስፋልት ያገኘዋል። በመንደር ጠብ አንዲት ቡጢ ወይም አንዲት ቴስታ፣ ማንም ሳያስበው፣ አንዱን ወደ መቃብር ሌላውን ወደ ወኅኒ ልትልክ ትችላለች። ጣውላውን የሰበረው ሕግ በሰው ላይም ያው ሕግ ነው፤ ለማን እንደሚያዝን አያውቅም። ማዘን የሚችለው የእጁ ባለቤት ብቻ ነው። ስለዚህ እጁን ያሠለጠነ ሰው ካልሠለጠነው ይልቅ የመታገሥ ዕዳ አለበት። ያልሠለጠነው ቢሸሽ ፈርቶ ነው ይባላል፤ የሠለጠነው ጠቡን ትቶ ቢሄድ ግን ችሎ መተዉ ነው።

ቀደም ብለን ያነሣናቸውን የቃኘውን ወታደሮች እዚህ ላይ እናስታውስ። እነዚያ ሰዎች ሲዋጉ የማይማረኩ ነበሩ፤ የኮሪያ ሕዝብ ግን የሚያስታውሳቸው ስለ ተኩሳቸው ብቻ አይደለም። ወላጅ አልባውን ሕፃን ስለ መገቡም ነው። ኃይል ያለ ርኅራኄ ፍርሃትን ያተርፋል፤ ርኅራኄ የተጨመረበት ኃይል ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በገርጂ ሆስፒታል ሆኖ ይቆማል።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፣ ጥበቡን ብትማሩ መልካም ነው፤ ሰውነትን ያጠነክራል፤ ልብን ያረጋል፤ ታላቅን ማክበር ያስለምዳል። ስትማሩ ግን አጥንታችሁ ገና በማደግ ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ያለ መምህር ሳንቃና ሲሚንቶ አትምቱ። የምትሠሩትን ነገር ምክንያቱን ጠይቁ፤ በክፍላችሁ የምትማሩት ፊዚክስ በአዳራሹ ከምትማሩት ምት የተለየ አይደለም። ጣውላውን የሰበራችሁ ዕለት ብትደሰቱ ይገባችኋል፤ በዚያው ዕለት ግን ቡጢያችሁን ፈትታችሁ እጃችሁን ተመልከቱ። ያ እጅ ደብተር ይጽፍበታል፤ የወደቀ ያነሣበታል፤ ለአዛውንት ዕቃ ይሸከምበታል። ቡጢ የሚሆነው ለጥቂት ቅጽበት ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው የተዘረጋ እጅ ሆኖ ነው።